የማሩን የክርስትና ስም ስልክልሽ

ለውድ ልጄ ለየሻረግ፣

ሰላምታዬ ደጋውንና ቆላውን አቋርጦ ካለሽበት ከጨው ባሕሩ ዳር ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? እንደምን ከርመሻል? የጨው ንጣት ዓይኔን ያቃጥለኛል ብለሽ ልከሽልኝ ነበርና ዓይንሽ ተሻለሽ ወይ? የሚጠጣ ውኃስ ከየት ታገኛለሽ? ከማንስ ጋር ታድሪያለሽ? መልሱ እስኪደርሰኝ ሌላ ክረምት እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እናት ነኝና እጠይቃለሁ። እኔ ከሐዘኑ በቀር ሕመም የለብኝም። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ መብላቴን ሳይ ራሴን እታዘበዋለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በራሴ እጅ ነው። አያትሽ ተማሪዎቻቸውን ፊደል ሲያስቆጥሩ ከጓዳ ሆኜ የለቃቀምኋት ፊደል ናትና እጄ ቶሎ አይሄድልኝም። ዛሬ ጥቂት፣ ነገ ጥቂት እያልሁ ነው። አርብ ገበያ ጸሐፊ ሳይጠፋ ለምን እንዲህ እንደ ደከምሁ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መርዶው የደረሰኝ ሰኞ ጧት ነው። ላሚቱን ላልብ ወጥቼ ሳለ ሰዎች በእማማ ሐረገ ወይን አጥር ሥር አድርገው ሲመጡ አየሁ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እማማ ሐረገ ወይን ከክረምቱ ጀምሮ ታመው አልጋ ላይ እንደ ነበሩ ነጋዴው ዳኛቸው ቃል ሳይልክልሽ አይቀርም። አዬ፣ አረፉ ማለት ነው ብዬ የወተቱን ቅል አስቀመጥሁና እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ሰዎቹ መካከል ገብቼ መምሬ ቀለመ ወርቅን «መቼ አረፉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። አጎትሽ ካሳ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ወደ እማማ ሐረገ ወይን ቤት መሄድ ሲገባን ሰው ሁሉ ወደ እኔ በር ዞረ። ዘወር ስል እማማ ሐረገ ወይን ራሳቸው በምርኩዝ እየተጎተቱ ከኋላ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ያወቅሁት ግን ግማሹን ነው። በጨው ባሕሩ ዳር ሁለት ልጆች አሉኝና «የትኛው ነው?» አልሁ። መምሬ «ማሩ ነው» አሉኝ። የሻረግ ልጄ፣ በዚያች ቅጽበት በልቤ ያለፈውን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም፤ ለአንቺም አልጽፈውም።

ለቅሶውን እንደ ወጉ አለቀስን። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ግን የሚይዘው የለውም፤ ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። ማሩ ያን ጊዜ መጥቶ ሲመለስ ጥሎት የሄደውን የካኪ ኮት አውጥተን መካከል አስቀመጥነው። አልቃሽ ከሰማዳ መጥታ ነበር። ከግጥሟ አንዱ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ድንጋይ በሞላበት አገር ተወልዶ፣
ጨው ተንተራሰ አሉ ቆላ ባሕር ወርዶ።»

መቃብሩን በጨው ግግር እንደ ከበባችሁት የሰማሁ ያን ጊዜ ነው። ለቅሶው ጋብ ሲል ዳኛቸውን እውነት ነው ወይ አልሁት። «እትዬ ውብነሽ፣ በዚያ አገር ድንጋይ ብርቅ ነው፤ ያገኙትን ነው ያደረጉለት» አለኝ። እዚህ እርሻችን ውስጥ ድንጋይ ለቅመን አንጨርስም። ማሩ ራሱ ከሞፈር ፊት እያነሣ ድንበሩ ላይ የከመረው አሁንም እንዳለ አለ።

ነገሩን እኔ ከሁሉ ኋላ እንደ ሰማሁም እወቂ። ነጋዴው ዳኛቸው ከአንቺ ዘንድ የተላከውን ቃል ከደሴ ይዞ የደረሰው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ለካሳ ብቻ ነገረው። ካሳ ግን የልጁን ሠርግ ጠርቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ጾሙም ሊገባ ቀርቦ ነበርና ሠርጉ እስኪያልፍ ዝም እንዲባል ከመምሬ ጋር ተማከረ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። ስለዚህ በሠርጉ ዋልሁ። ዳስ ውስጥ ተቀመጥሁ፤ እልል አልሁ፤ ለሙሽራዋ ዘፈን አወጣሁ። የካሳ ሚስት አዲስዓለም እኔን እያየች ዕንባዋ ሲወርድ አይቼ «ምነው አንቺ፣ ልጅሽን ዳርሽ እንጂ ቀበርሽ?» ብዬ በሰው ፊት ቀለድሁባት። ሰው አልሳቀም። አሁን ቀኑን መልሼ ሳስበው የማሩ አርባ የዋለው በዚያው በሠርጉ ሰሞን ነው። በልጄ አርባ እልል ያልሁ እናት ነኝ።

አልተቀየምኋቸውም። እኔም ብሆን የሰው ሠርግ አላፈርስም ነበር። አዲስዓለም ግን ከዚያ ወዲህ ቤቴ ስትመጣ ከደጃፉ አታልፍም፤ ይዛ የመጣችውን አስቀምጣ ትመለሳለች። ልቀቂው ብያታለሁ፤ አልለቀቃትም።

ስለ ጨው ኩባንያው መዘጋት ዳኛቸው ያወራውን ሰምተን እርስ በርሳችን ተያየን። መርከቦች የሚያልፉበት የግብፅ ቦይ በጦርነት ምክንያት ካቻምና ተዘጋ፣ ጨው የሚጭነው መርከብ ቀረ፣ ፈረንጆቹ በሩን ቆልፈው ሄዱ ሲል ካሳ «ባሕር በር አለው እንዴ የሚዘጋው?» ብሎ ጠየቀ። ዳኛቸውም እንደ ሰማው ነገረን እንጂ እሱም አልገባውም። እኔ የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ኩባንያው ሲሄድ ውኃውንም ሐኪሙንም ይዞ ሄዷል። ውኃ የምታመጣላችሁ መኪና የኩባንያው ነበረች። ሐኪም ቤቱም የእሱ ነበር። ከተማችሁ ኩባንያው ሲነቀል አብሮ የሚነቀል ድንኳን እንደ ሆነ ማን አውቆ? እኛማ ማሩ መጀመሪያ ጊዜ ያንን የባሕር ጨው በከረጢት ሲልክልኝ ልጄ የማያልቅ ነገር ላይ ተቀመጠ ብዬ ተመካሁ። ገበያ ላይ ከአሞሌ ሌላ የማያውቁት ሴቶች «ውብነሽ፣ ይህ ጨው ነው ወይስ የኑግ ገለባ አመድ?» እያሉ ሲሥቁብኝ እኔ ደግሞ «ባሕር ያለው ልጅ ውለዱና እናንተም አምጡ» እላቸው ነበር። ከጨዉ አሁንም ተርፎኛል። በጾም ሽሮዬ ላይ አደርገዋለሁ፤ ሌላ ጨው የለኝምና።

ሠራተኛው ሁሉ ሲበተን ማሩ ለምን እንደ ቀረም ዳኛቸው ነግሮኛል። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው «የባሕሩን ውኃ ጨው ወደሚደርቅበት መደብ የሚስበውን ሞተር ጠብቅ፤ ቦዩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀጠር አንተ ነህ» አለው አሉ። ካቦውም ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ማሩ ቃል የሰጠ ቀን እንደ በሬ ነው፤ ካልፈቱት ከቀንበሩ አይወጣም። ልብሱን ሸጦ ሞተሩን ቅባት ይቀባ ነበር ሲለኝ አመንሁት። ማሩን ንዳዱ ሲይዘው፣ የሐኪም ቤቱን በር ቆልፎ የሄደው ሰው ቁልፉን የት እንዳደረገው የሚያውቅ ጠፋ፤ ሰብራችሁ ስትገቡም መደርደሪያው ባዶ ነበር አሉ። አንቺ ብርድ ልብስሽን በባሕር ውኃ እየነከርሽ ታለብሺው እንደ ነበር ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ብኖር ከዚያ የተሻለ ምን አደርግለት ነበር?

ከዚያው የተመለሱ ሁለት የእስቴ ልጆች ባለፈው አርብ ገበያ ላይ ተገኝተው ነበር። እየሮጥሁ ሄጄ ስለ አንቺ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ደህና ናት አለኝ፤ ሌላው ግን መሬቱን ያያል። አንቺ የምታበስዪላቸው ሰዎች ሁሉ ሄደው ድስትሽን ደፍተሽ እንደ ተቀመጥሽ ከአፉ አወጣሁት። እነሱም ቢሆኑ የተመለሱት ወደ ምንም ነው። መሬታቸውን የአጎት ልጆች አርሰውታል፤ ሽማግሌ ፊት ቆመው ይከራከራሉ። አንደኛው «እናቴ፣ እዚያ ሳለን አገራችን እያልን እናለቅስ ነበር፤ እዚህ መጥተን ደግሞ ያንኑ እያልን እናለቅሳለን» አለኝ። የሚሥቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዳኛቸው ካንቺ የተላከውን የመጨረሻውን ቃል የነገረኝ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ለፍትሐቱ እዚያ ያሉት ቄስ ሥዩም የክርስትና ስሙን ሲጠይቁሽ አላወቅሽም። አስከሬኑ በዚያ ሙቀት ሊቆይ አይችልምና፣ በጊዮርጊስ ሲምል ሰምተሽ ስለምታውቂ፣ «ወልደ ጊዮርጊስ» ብለሽ ሰጠሽ። በዚያ ስም ተፈታ፤ በዚያ ስም ተቀበረ። በኋላ ግን ጥርጣሬ ገባሽ። ወንድሜን በሰው ስም ሸኘሁት፣ ጸሎቱ ሌላ ሰው ዘንድ ሄደ፣ በራሱ ስም መቃብሩ ላይ እስኪጸለይለት ከዚህ አልነቀልም ብለሻል። ሰው ሁሉ እየወጣ አንቺ የቀረሽው በዚህ ነው።

ስሙን ያላወቅሽው ስላልነገርሁሽ ነው፤ ያልነገርሁሽም እንደ አገሩ ልማድ ነው። ከማሩ በፊት ሁለት ወንዶች ወልጄ ጡት ሳይጥሉ ሞቱብኝ። አሮጊቶቹ ዓይን ነው፣ ድግምት ነው አሉ። የክርስትና ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ያወቀ ክፉ ሰው ልጁን ያስርብሻል ብለው መከሩኝ። ስለዚህ ማሩን አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ስናስነሣው ስሙን የሰማነው ካህኑ፣ የክርስትና አባቱና እኔ ነን። ሁለቱ አርፈዋል። አባትሽም እንኳ ሲጠይቀኝ ‹ኋላ እነግርሃለሁ› እያልሁት ሞተ። ልጁ ሲያድግ በጆሮው ነገርሁት፤ ለማንም አትናገር አልሁት። እሱም እስከ መጨረሻው ለአንቺም አልነገረም። ቃል አክባሪ ነውና።

ጸሐፊ ያላስጻፍሁት በዚህ ነበር። ይህን ስም ከገበያ ጸሐፊ እጅ አልሰጥም ብዬ በዚህች በማትረባ ፊደሌ ተያያዝሁት። ከዚያ ግን ስጽፍ ስጽፍ አንቺ ማንበብ እንደማትችይ ትዝ አለኝ፤ እዚያም ቢሆን የሚያነብልሽ ሌላ ሰው ነው። ብዕሩን አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ለሞተ ሰው ከማን እደብቅለታለሁ? ከየትኛው ዓይን? ስሙን ሸሸግሁ፣ ልጁን ግን ወሰዱት።

የወንድምሽ የክርስትና ስም ገብረ ሚካኤል ነው።

አንቺ የፈራሽውን እኔም ፈርቼ መምሬ ቀለመ ወርቅን ጠየቅኋቸው። ጸሎቱ ጠፋ ወይ አልኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ «እግዚአብሔር ስም ጠፍቶበት የሚጠይቅ ጭቃ ሹም አይደለም። እኅቱ ለማን ቆማ እንዳለቀሰች ያውቃል» አሉኝ። እንዲህም ብለው እንደገና በራሱ ስም እዚህ ልደታ ማርያም ፍትሐቱን አደረሱለት። እኔ ዓምዱን ተደግፌ ቆምሁ። ገብረ ሚካኤል ሲሉ ሰው ዘወር ዘወር ብሎ ማን ነው ይባባላል፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረምና። የመምሬ ቃል ያጽናናኛል ብዬ ነበር። ልቤ ግን እዚያው ነው፤ መቃብሩ እዚህ አይደለምና።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ቄስ ሥዩምን ፈልጊ። የሚቀልባቸው ምእመን ስላጡ ከጥምቀት በኋላ ታቦቱን አስይዘው ወደ አሰብ ይሄዳሉ ብለሽ ነበርና ደብዳቤው ይቀድማቸው አይቀድማቸው አላውቅም። ዳኛቸው እስከ ደሴ ይወስደዋል፤ ከዚያ ለጭነት መኪና ሾፌር ይሰጠዋል፤ ሾፌሩ ያድርሰው አያድርሰው ፈቃዱ ነው። ቄሱ ካሉ በትክክለኛው ስሙ መቃብሩ ላይ ይጸልዩለት። ከሄዱም አንቺው ብቻሽን ቁሚ። ጫማሽን አውልቂ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ፣ ‹አምላኬ፣ ይህ ባሪያህ ገብረ ሚካኤል ነው፤ ተሳስቼ ነበር› በዪ። ሌላ አትጨነቂ። ያን የቀበርሽበትን እጅሽን አምላክ ያያል።

ከዚያ ተነሺና ነይ።

ወደ ጥጋብ አልጠራሽም። ልዋሽሽ አልፈልግም። ገብሱን በረዶ መትቶታል፤ የተረፈው ለዘር አይበቃም። የማሩን ድርሻ ካሳ አርሶታል፤ ሲመለስ ይውሰድ እያለ ነበር ያረሰው፤ አሁን ማን እንደሚወስደው አንነጋገርም። ቤቱ በምዕራብ በኩል ያፈሳል። እኔም አርጅቻለሁ፤ አንቺን የምጦር ሳልሆን አንቺን የምጫን ነኝ። መጥተሽ የምታገኚው ይህ ነው። ይህን እያወቅሁ ነይ እልሻለሁ። በዚያ ብትቀሪ ውኃ ሲያልቅ ማን ይቀዳልሻል? ንዳዱ ቢይዝሽ በባሕር ውኃ የተነከረ ብርድ ልብስ የሚያለብስሽ ማን ቀረ? አንቺ ብትሞቺ ደግሞ የአንቺን የክርስትና ስም እዚያ የሚያውቅ የለም። እንደገና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለሰው ለቅሶ ስወጣ ሰዎች ወደ በሬ እንዲዞሩ አታድርጊ።

መቃብሩን ጥዬ አልሄድም ትያለሽ። አውቅሻለሁ፤ ከእሱ ትብሺ እንደ ሆነ እንጂ አታንሺም። ጨዉ ይሟሟል፣ አሸዋው ይነፍሳል፣ አንቺ ብትጠብቂውም ባትጠብቂውም። ሙት ጠባቂ አይሻም ልጄ። አጽሙን ማፍለስ የሚቻልበት ቀን ይመጣል ብዬ ለራሴ እነግራለሁ፤ የሚመጣ ግን አይመስለኝም። ትመጫለሽ ብዬ ማመንም አልቻልሁም። ዳኛቸውን ግን በፋሲካ ሰሞን ከደሴ ሲመለስ የጋይንት ሰዎች የሚያድሩበት ቤት ጠይቅ፣ ካለች በበቅሎህ አምጣት ብዬዋለሁ። ‹እትዬ፣ ብትኖር ተሸክሜም አመጣታለሁ› ብሏል። ብትኖር አለ እንጂ ስትመጣ አላለም፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንሁ።

አጎትሽ ካሳ ሰላም ይልሻል፤ ይቅር በዪኝ በያት ብሎኛል። አዲስዓለም ሰላም ትልሻለች፤ ይህን ስጽፍ ከደጃፉ ሆና ኩራዙን ይዛልኛለች። ሙሽራዋ ከባሏ አገር ከወገዳ ለሐዘኑ መጥታ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ በእሷ ሠርግ የሆነውን ሰምታ ሐዘን ለብሳለች፤ ሙሽራ ሐዘን ለብሳ አይቼ አላውቅም። እማማ ሐረገ ወይን ሰላም ይሉሻል። ‹እኔን ትቶ ልጁን ወሰደ› እያሉ በየዕለቱ ያለቅሳሉ፤ እኔ ነኝ እሳቸውን የማጽናና። መምሬ ቀለመ ወርቅ በመስቀላቸው ባርከውሻል። መቃብሩን አብሮሽ ለቆፈረው ለዚያ ለአፋሩ ጎረቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ስሙን ዳኛቸው ዘንግቶታል፤ እግዚአብሔር ግን አይዘነጋውም። ለቄስ ሥዩም፣ ካሉ፣ እግራቸውን ሳሚልኝ።

እናትሽ ውብነሽ
ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በታች፣ ልደታ ማርያም ደብር
ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት

ይህን ደብዳቤ ለልጄ ለምታነብላት፣ ወይም በመንገድ ላይ በእጅህ ገብቶ ለከፈትኸው፣ ወይም ልጄ ታጥታ መልሰህ ለምታመጣው፣ ማንም ብትሆን፣ አልቀየምህም። ስሙን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን ሳታጥፍ በፊት ቆመህ ‹የገብረ ሚካኤልን ነፍስ ይማር› በልልኝ።